የሰፋሪ ልጅ የዘር ሐረግ፤ ግማሹን ማን ቆረጠው?

ባለፈው ዓመት ለአክስቴ ቀብር ጂንካ ወርጄ ነበር። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው የአክስቴ የልጅ ልጅ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ እኛ ግን መጀመሪያ ከየት ነው የመጣነው?» ሲል ጠየቀኝ። ለመመለስ አፌን ስከፍት አንድ ሸምገል ያሉ ዘመዳችን ቀደሙኝና «እሱ እዚህ አይጠየቅም» አሉት። ልጁ አንገቱን ደፋ። በዙሪያችን ከተቀመጡት ለቀስተኞች አሪም፣ ጎፋም፣ አማራም ነበረበት፤ ሁሉም እንዳልሰማ ሆነ። እኔም፣ በየክፍሉ «ጠይቁ» እያልሁ ተማሪ የማስተምረው ሰውዬ፣ ዝም አልሁ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለልጁ የነፈግሁትን መልስ ለመስጠትና ሽማግሌውንም በአክብሮት ለመቃወም ነው። ከእርሳቸው ይልቅ ግን የምቃወመው ያስፈራቸውን ወገን ነው። ደግሞም አንድ ቀን እንኳ ጂንካ ሳያድሩ፣ ከአዲስ አበባና ከዋሽንግተን ሆነው ስለ አባቶቻችን ገድል የሚዘምሩልንን እቃወማለሁ። እነዚህ ሁለቱ ጠላቶች ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ላይ ተስማምተዋል፤ እርሱም የእኛ የቤተ ሰብ ታሪክ እንደ ነበረ እንዳይጻፍ ነው።

መልሱ እንዲህ ነው። ከዐድዋ ድል ማግስት፣ በ1880ዎቹ ማብቂያ ዓ.ም.፣ የዐፄ ምኒልክ ጦር ወደ ኦሞ ተፋሰስ ወረደ። በ1890 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከከፋ ተነሥተው ዛሬ ቱርካና እስከሚባለው ሩዶልፍ ሐይቅ ድረስ ሲዘምቱ፣ አሌክሳንደር ቡላቶቪች የተባለ የሩስያ መኮንን አብሯቸው ነበር። ማስታወሻውንም እ.ኤ.አ. በ1900 በሴንት ፒተርስበርግ አሳተመው። ስለዚያ ዘመቻ በዝርዝር ለማወቅ የሚሻ ኢትዮጵያዊ ዛሬም የሚያነበው የሩስያዊውን መጽሐፍ ነው። ከዘመቻዎቹ በኋላ በአሪ ደጋ ላይ፣ ባኮ በተባለው ስፍራ፣ የጦር ሰፈር ተቆረቆረ። ባኮ ለረጅም ጊዜ የአገረ ገዥ መቀመጫ ሆና ቆየች፤ በኋላ ሹመቱም ገበያውም ቁልቁል ወደ ጂንካ ወረደ፤ ጂንካም የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ዋና ከተማ ተባለች።

ባኮ የሰፈሩት ወታደሮች፣ ዛሬ እንደሚነገረው፣ ሁሉም የአንድ ብሔር ልጆች አልነበሩም፤ ከሸዋም ከወሎም ከጎጃምም የመጡ ነበሩ፤ ኦሮሞም ጉራጌም ነበረባቸው። ብዙዎቹም ጌቶች አልነበሩም። ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. አገር ያጠፋው ክፉ ቀን ከብታቸውን ፈጅቶ፣ እርሻቸውን ጦም አሳድሮ፣ እንጀራ ፍለጋ ከጦር ጋር እንዲነጉዱ ያደረጋቸው የድኻ ልጆች ነበሩ። ይህን የምለው ለማስተዛዘን አይደለም። ርቦት የመጣ ሰው ጠመንጃ ሲይዝ ምን እንደሚሆን ቀጥዬ እናገራለሁና።

ለእነዚህ ወታደሮች ደመወዝ የሚቆርጥ ግምጃ ቤት አልነበረም። ስለዚህ ደመወዛቸው ሰው ሆነ። ለእያንዳንዱ ነፍጠኛ እንደ ማዕርጉ የተወሰነ ቍጥር ያለው የገባር ቤተ ሰብ ተመደበለት። ገባሩ የነፍጠኛውን እርሻ ያርሳል፣ አጥሩን ያጥራል፣ እንጨት ይሸከምለታል፣ ማር ይገብርለታል፤ የገባሩ ሚስት እህሉን ትፈጫለች፤ ሹሙ መንገድ ሲወጣ ዕቃው በገባሩ ትከሻ ይጓዛል። «ባቢ» የሚባሉት የአሪ ባህላዊ መሪዎች «ባላባት» ተብለው፣ የገዛ ሕዝባቸውን ግብር አስገቢ ሆነው በመካከል እንዲቆሙ ተደረገ። ከገባርነቱ ጎን ለጎን ባሪያ ፍንገላ ነበረ። ከማጂ እስከ ዲሜ ያለው አገር በዚህ ምክንያት ሰው እንዳለቀበት በምሁራን ተጽፏል። የባርነትን ሕጋዊ ህልውና የሻረው ዐዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ የገባርን የጉልበት ግብር በገንዘብ የተካው የመሬት ግብር ዐዋጅ ደግሞ በ1937። መሬቱ ራሱ ከመልከኛው እጅ የወጣው በየካቲት 1967 ዓ.ም. በታወጀው ዐዋጅ ቍጥር 31 ነው።

እንግዲህ ከዚህ ነው የመጣነው።

አሁን ወደ ቤቴ ልግባ። አያቴ አንድ የእንጨት ሣጥን ነበረው። በውስጡ የመሬት ግብር ደረሰኞች፣ ጠርዙ የተበላ አንድ ፎቶግራፍ፣ የክርስትና ስሞችና የልደት ቀኖች የተመዘገቡበት የዳዊት ልባስ ወረቀትና አንዲት ትንሽ ደብተር ነበሩ። ደብተሯን የጻፈው ቅድመ አያቴ፣ ማለትም ባኮ የሰፈረው ወታደር፣ ወይም ለእርሱ የጻፈለት ደብተራ ነው። በውስጧ የአሥራ አንድ አባወራ ስም ነበረ፤ ገባሮቹ። ስሞቹ የአሪ ስሞች ነበሩ፤ የጻፋቸው ጆሮ ግን አማርኛ ነበርና እየተጣመሙ ነበር የሰፈሩት። ከየስሙ አንጻር ጭረት ነበረ፤ አንዱ ጭረት የጉንዶ ማር ይሁን የሥራ ቀን አላውቅም።

በ1967 አያቴ ሣጥኑን ቀበረው። አብዮቱ ጋብ ሲል አባቴ አወጣው። እኔ ደብተሯን ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ፤ አንዴ በልጅነቴ፣ አንዴ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ። ሁለተኛ ጊዜ ሳያት «አንድ ቀን እገለብጣታለሁ» ብዬ መለስኋት። ከዚያ ሌላ ሰው ያልጻፈልኝን የሌሎች አገሮች ሰነድ ለማንበብ ሦስት አገር ዞርሁ፤ ዶክትሬቴን ሠራሁ። በ2014 ዓ.ም. ከዞን ጥያቄ ጋር ተያይዞ ጂንካና አካባቢዋ ላይ ሁከት በተነሣ ጊዜ ቤቶች ተቃጠሉ፣ ሰዎች ተፈናቀሉ፤ ሣጥኑ የተቀመጠበት የዘመዴ ቤትም ከተቃጠሉት አንዱ ነበር። ዛሬ ከአሥራ አንዱ ስም የማስታውሰው አራቱን ብቻ ነው።

ቤቱን ያቃጠሉት ልጆች የሚያቃጥሉት ምን እንደ ሆነ ያውቁ ነበር? የነፍጠኛ ቤት የሚያቃጥሉ መስሏቸው ነበር። ምናልባት የገዛ አያቶቻቸው ስም በጽሕፈት የተገኘበትን ብቸኛ ወረቀት ነው ያቃጠሉት። እኔ ግን በእነርሱ ለመፍረድ የምቸኵል ሰው አይደለሁም። ደብተሯን ሃያ ዓመት ሙሉ ሣጥን ውስጥ ቈልፎ ያስቀመጠው የእኛ ቤት ነውና። ገልብጠን ለባለቤቶቹ ሰጥተን ቢሆን ኖሮ ዛሬ በአሥራ አንድ ቤት ውስጥ ትገኝ ነበር።

እስቲ አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። የመጀመሪያው ወገን «የነፍጠኛ ታሪክ ወንጀል እንጂ ቅርስ አይደለም» የሚለው ነው። ይህ ወገን ቢሮም አለው፣ መድረክም አለው። «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል በመነሻው ነፍጥ ያዥ፣ የጦር መሣሪያ የታጠቀ ማለት ነበረ፤ ዛሬ ግን ጂንካ አስፋልት ዳር ጫማ ለሚጠርግ፣ አያቱም ራሱም እዚያው ለተወለዱ ልጅ ይለጠፋል። ደቡብ ኦሞ፣ አሪ በ2015 ዓ.ም. ዞን ሆኖ ከመለየቱ በፊት፣ «የአሥራ ስድስት ብሔረሰቦች ምድር» እየተባለ ይተዋወቅ ነበር። ሐመርን፣ ሙርሲን፣ ዳሰነችን፣ ኛንጋቶምን፣ ካሮን ለማየት የመጣ ቱሪስት ጂንካ አድሮ፣ በኮረብታው ላይ ያለውን የደቡብ ኦሞ ምርምር ማእከልና ሙዚየም ጎብኝቶ ይሄዳል። መልካም ነው፤ ሙዚየሙ ለእነዚህ ሕዝቦች ቢቆም ተገቢ ነው። ነገር ግን ቱሪስቱ ያደረባትን ከተማ፣ የቈረጠባትን ገበያ፣ የተኛባትን አልጋ ማን እንደ ሠራ የሚነግረው የለም። ከተሜው በዝርዝሩ ውስጥ የለም። አሥራ ሰባተኛ ብሔረሰብ እንሁን የሚል ሞኝ አይደለሁም! የምለው፣ ከተማ ራሱ ታሪክ እንዳለው ነው፤ ያም ታሪክ ክፉም ቢሆን።

ስንት ዓይነት አጥንት ይዘናል መሰላችሁ። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1967 ኪቢሽ አጠገብ የተገኘው የሰው ራስ ቅል ቀደም ሲል 195 ሺህ ዓመት ተብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ደግሞ ቢያንስ 233 ሺህ ዓመት እንደሆነው አስታወቀ። ደስ ይላል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ግን፣ ማለትም ባኮ ላይ ከመቶ ዓመት በፊት የሞተ ገባርንና ያስገበረውን ወታደር፣ በስም የሚያውቅ አንድ መዝገብ ቤት አሳዩኝ። ወንጀል ነው ካላችሁም የወንጀል ታሪክ መዝገብ ይፈልጋል። ወንጀለኛው ማን እንደ ነበረ፣ ተበዳዩ ማን እንደ ነበረ፣ ምን እንደ ተወሰደበት ያልጻፈ ሰው «በደል ተፈጽሟል» ሲል መፈክር ማሰማቱ እንጂ መመስከሩ አይደለም። ለካድሬው ግን ይህ ይበቃዋል፤ ስም የሌለው በደል ለማንም ሊለጠፍ ይችላልና።

ሁለተኛው ወገን የእኛ «ወዳጆች» ናቸው። አባቶቻችን ለአሪ «ሥልጣኔ አመጡ» ይሉናል። እኔ የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ልጅ ነኝና ከእነርሱ በላይ የመናገር መብት አለኝ፦ ነጭ ውሸት ነው። የእኛ ሰው ባኮ ሲደርስ አሪ እንሰት ተክሎ፣ ቀፎ ሰቅሎ፣ ብረት ቀጥቅጦ፣ ሸክላ ሠርቶ፣ የራሱን ባቢዎች ሹሞ ይኖር ነበር። ያመጣነው ጠመንጃ፣ ግብርና ታቦት ነው፤ ፊደልም አመጣን፣ እርሱንም ለረጅም ጊዜ ለራሳችን ልጆች ብቻ። ፊደሉ ለአሪ ልጅ በሰፊው የደረሰው ከትምህርት ቤትና ከሚስዮን ጋር ነው፤ ዛሬ በአሪ ቀበሌዎች ቃለ ሕይወት የበረታችውም በከንቱ አይደለም። እኛ ያስገበርነውን ሰው ሌላው ቁጭ አድርጎ አስተማረው። (ይህን ስጽፍ የሚቆጡ ዘመዶች እንዳሉኝ አውቃለሁ፤ ቡና ጠጥተን እንነጋገራለን።)

የሚያሳዝነኝ ገድል ጸሐፊዎቹ መዋሸታቸው ብቻ አይደለም፤ አባቶቻችንን ሰው አለማድረጋቸውም ነው። ቅድመ አያቴን ጀግና ሲያደርጉት ረኀቡ ይጠፋል፣ ፍርሃቱ ይጠፋል፣ አገሩ ተመልሶ ርስቱን ሳይጠይቅ መሞቱ ይጠፋል። ካድሬው ጭራቅ ሲያደርገውም ያው ነው። በሁለቱም እጅ የሚቀረው ሐውልት ነው፤ አንዱ ሊያቆመው፣ ሌላው ሊያፈርሰው የሚፈልገው።

ስለ ሐውልት ካነሣን አይቀር፣ ዓለም ላይ የሰፋሪ ዘሮች የቤተ ሰብ ታሪካቸውን እንዴት እንዳቆዩ አንድ ምሳሌ ላምጣ። ሁጉኖቶች የሚባሉት የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች ንጉሥ ሉዊ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1685 የናንትን ዐዋጅ በሻረ ጊዜ ወደ ብዙ አገር ተሰደዱ። ከእነርሱ ሁለት መቶ የማይሞሉት እ.ኤ.አ. ከ1688 ጀምሮ በሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከቦች ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ደረሱ። ኩባንያው መሬት ሰጣቸው፤ አንዱ ሸለቆ እስከ ዛሬ «ፍራንሽሁክ»፣ የፈረንሳዮች ጥግ፣ ይባላል። ቋንቋቸው በሁለትና ሦስት ትውልድ ጠፋ። ስማቸው ግን ቀረ፦ ዱ ቶይ፣ ዴ ቪሊርስ፣ ጁበርት፣ ለ ሩ። የዘር ሐረጋቸውንም በጽሑፍ አቆዩ። ክሪስቶፈል ዴ ቪሊርስ የሚባል ሰው የቀድሞዎቹን የኬፕ ቤተ ሰቦች ትውልድ ከቤተ ክርስቲያን መዛግብት ለቅሞ፣ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ታተመ። ማኅበር አላቸው፣ ሙዚየም አላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የተመረቀ ሐውልት አላቸው።

የእኛ ሰዎችና ሁጉኖቶች አንድ አይደሉም፤ እነርሱ በሃይማኖታቸው የተሰደዱ፣ የእኛዎቹ ከንጉሠ ነገሥት ጦር ጋር የዘመቱ ናቸው። ነገር ግን ከደረሱ በኋላ ያለው ታሪክ ይመሳሰላል። ለሁጉኖቶች የታደለው መሬት ኮይኮዮች ከብት የሚያግዱበት ነበር፤ የወይኑ እርሻ የተሠራው ከማዳጋስካር፣ ከሕንድና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ በመጡ ባሮች እጅ ነው። ሐውልቱን ተመልከቱት፦ አንዲት ሴት በአንድ እጇ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በሌላው የተሰበረ ሰንሰለት ይዛ ቆማለች። የተሰበረው የእነርሱ ሰንሰለት ነው። እነርሱ ራሳቸው በዚያ ሸለቆ ስላሰሩት ሰንሰለት ሐውልቱ ምንም አይልም፤ የተመረቀውም የአፓርታይድ ፓርቲ ሥልጣን በያዘበት ዓመት ነው። ይህ ነው እንግዲህ ጥንቃቄ የተሞላበት፣ የሚያምር፣ ግማሹ የተቈረጠ የዘር ሐረግ።

ግማሹ ግን አልጠፋም ነበር፤ በዚያው መዝገብ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሃንስ ሄሰ የተባለ የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የኬፕን የጋብቻና የጥምቀት መዛግብት አገላብጦ፣ ንጹሕ አውሮፓዊ ነን የሚሉ ስንት ነባር ቤተ ሰቦች ባሪያ የነበሩ ወይም የአገሩ ተወላጅ የሆኑ እናቶች እንዳሏቸው አሳየ። ቁጣ ተነሣበት። ክሮቶዋ የምትባለው የኮይኮይ ሴት፣ «ኤቫ» ተብላ ተጠምቃ እ.ኤ.አ. በ1664 ከአንድ ዴንማርካዊ ሐኪም ጋር የተጋባችው፣ ዛሬ የብዙ ነጭ ደቡብ አፍሪካውያን ቅድመ አያት መሆኗ ይታወቃል። የታወቀው ግን የተጻፈ ስለ ነበረ ነው። ጠማማም ቢሆን መዝገብ ስለነበራቸው፣ ልጆቻቸው አባቶቻቸውን በአባቶቻቸው ወረቀት ለመሞገት ቻሉ። እኛስ በምን እንሟገታለን? በአራት ስም?

በእኛ አገር የዘር ሐረግ መቍጠር የታወቀ ጥበብ ነው። ሰሜን ላይ አንድ ሰው እስከ ሰባት ቤት ሲቈጥር አንድም ዘመዱን እንዳያገባ፣ አንድም ርስት ለመጠየቅ ነበር። ትውልድ መቍጠር የፍርድ ቤት ሥራ ነበር፤ ያልቈጠረ መሬት አያገኝም። ደቡብ የወረደው ወታደር ልጆች ግን ርስታቸው ከኋላ ቀረ፤ የያዙት መሬት በዘር ሐረግ የተገኘ ሳይሆን በሹመትና በኃይል ነበርና የሚቈጠር ነገር አልነበረውም። በ1967 ርስት ሲያከትም ቈጠራው ጨርሶ ሥራ ፈታ። ስለዚህ ዛሬ ጂንካ ውስጥ ከቅድመ አያቱ በላይ ያለውን የሚያውቅ የሰፋሪ ልጅ ብታገኙ ዕድለኛ ናችሁ። በካድሬው ብቻ አናመካኝ፤ አንዱን ክር እኛው ለቀነዋል።

ደግሞም ስንቈጥር የቈጠርነው በአባት በኩል ብቻ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሰባት ቤት በአንድ ትንፋሽ ይወርድ ነበር። አንድ ቀን «የአባትህ እናት ማን ትባላለች?» ብዬ ጠየቅሁት። የክርስትና ስሟን ነገረኝ። «ከክርስትናዋ በፊትስ?» አልሁት። አያውቅም። አሪ እንደ ነበረች ያውቃል፤ በልጅነቱ አቅፋ በአሪኛ እንዳባበለችው ያስታውሳል፤ ስሟን ግን ማንም አልነገረውም፣ እርሱም አልጠየቀም። እንዴት ወደ ቤታችን እንደ መጣችም አልጠየቀም። በሽማግሌ ተለምና? በገባር እዳ? በሌላ፣ እዚህ ልጽፈው በማልፈልገው መንገድ? ሽማግሌው በድንኳኑ ውስጥ «አይጠየቅም» ያሉት፣ ይመስለኛል፣ ይህንን ጭምር ነው። ካድሬውን ብቻ አይደለም የፈሩት፤ መልሱንም ፈርተዋል።

መልሱ በከፊል ተገኘ። በዚያው የቀብር ሳምንት፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ ኮረሪማ የሚሸጡ አንድ የአሪ አዛውንት አገኘሁ። የቤታችንን ስም ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ አዩኝ። አባታቸው ከቅድመ አያቴ ገባሮች አንዱ ነበሩ። ያለ ቁጣ፣ የትናንት ነገር እንደሚያወራ ሰው፣ አባታቸው ለእኛ ቤት የተሸከሙትን ነገሩኝ፤ ማሩን፣ ማገዶውን፣ የታመመ ልጅ ጥለው የሄዱበትን የአጥር ሥራ። ከዚያ «የእናንተ ቤት ሴትዮ የእኛ እኮ ናት» አሉኝ። ቅድመ አያቴ ያገባት ሴት ከገባሮቹ የአንዱ እህት ነበረች። ስሟን ነገሩኝ፤ የወንድሟንም ስም ነገሩኝ። የወንድሟ ስም ከማስታውሳቸው ከአራቱ አንዱ ነው።

ይህን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ የእርሷ ወገኖች ሳይፈቅዱ ልጽፈው አይገባኝም። ነገር ግን አንባቢዬ ምን ማለት እንደ ሆነ ያስብልኝ። በሣጥናችን የተቈለፈችው ደብተር የገባሮች ዝርዝር ብቻ አልነበረችም፤ የአያቴ አጎት ስም ያለባት የዘር ሐረጋችን ግማሽ ነበረች። አያቴ በእናቱ ወንድም ስም አጠገብ የተጫሩትን ጭረቶች እያየ ነው የኖረው። ያውቅ ነበር? ያውቅ ከነበረ፣ በ1967 ሣጥኑን ሲቀብር የደበቀው ከማን ነው፣ ከገበሬ ማኅበሩ ወይስ ከራሱ ልጆች?

«ቍስል አትነካኩ» የሚሉኝ አሉ። ስም ከተጻፈ የይገባኛል ጥያቄ ይነሣል፣ ቂም ይቀሰቀሳል ይላሉ። የፍርሃታቸውን ምክንያት ዐውቃለሁ፤ የ2014ቱን ቃጠሎ አይቻለሁና። ነገር ግን ያ ቃጠሎ የተነሣው ማን ገባር እንደ ነበረ በዝርዝር ስለተጻፈ ነው እንዴ? ዝምታው ከእሳቱ አላዳነንም። ዝምታው ያደረገው፣ የእኛ ልጆች በማያውቁት ነገር እንዲጠየቁ፣ የአሪ ልጆችም በስም የማያውቋቸውን አያቶች እንዲበቀሉ ነው። ጎረቤቱ የአያቱ እህት የልጅ ልጅ መሆኑን የሚያውቅ ልጅ ክብሪት ከመጫሩ በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ ያስባል፤ ላያስብም ይችላል፤ እኔ ግን ያለማወቁን መንገድ ሞክረን አይተነዋል።

ምሁራን ጨርሶ አልጻፉም ማለቴ አይደለም። የጀርመን ፍሮቤኒየስ ተቋም ተመራማሪዎች በ1940ዎቹ ዓ.ም. ባኮ ድረስ መጥተው ስለ አሪ ጽፈዋል፤ ዶናልድ ዶንሃም በጎረቤት ማሌ የገባርን ሥርዐት ከሥሩ አጥንቷል፤ አሌክሳንደር ናቲ ስለ አሪዎችና ስለ ነፍጠኛ አገዛዝ የጻፈው ሥራ እስከ ዛሬ አስፈላጊ ነው። ግን እነዚህ በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ፣ በፍራንክፈርትና በካሊፎርኒያ የሚገኙ ናቸው፤ ደግሞም የቤተ ሰብ ታሪክ አይደሉም። ጂንካ ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። የሰፋሪው ልጅና የገባሩ ልጅ አንድ ክፍል ተቀምጠው የሚማሩበት ቦታ አለ ማለት ነው። ሁለቱ አብረው፣ በአንድ መቅጃ፣ የአንዱን አያት በሌላው ፊት ቢጠይቁስ? የጥምቀት መዝገብ በየአጥቢያው አለ፤ ምስጥ እየበላው ነው። የግብር ደረሰኝ በየሣጥኑ አለ፤ የሚቀጥለውን እሳት እየጠበቀ ነው። የገባርነቱን ዘመን ከወላጆቻቸው አፍ የሰሙት ሰዎች ደግሞ ሰማንያን ያለፉ ናቸው። ለእነርሱ «አንድ ቀን» የሚባል ነገር የለም፤ እኔ ለደብተሯ ያልሁት «አንድ ቀን» ምን እንዳመጣ ተናግሬአለሁ።

አዛውንቱ ስንለያይ አንድ ነገር አሉኝ፤ «ደብተር ይዘህ ና፤ እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ፤ ጽፈህ ስትጨርስ ግን አንብብልኝ። አባቶችህ ጽፈው አንብበውልን አያውቁም።» በመጪው ጥምቀት ማግስት ባኮ እወጣለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ያ በድንኳኑ ውስጥ የጠየቀኝ ልጅ አብሮኝ ይወጣል፤ አሪኛ ከእኔ ይልቅ እርሱ አሳምሮ ይናገራል፤ ስሞቹን ጆሮው አያጣምማቸውም። ሽማግሌው ዘመዳችንም ሰምተዋል። አልተቈጡም፤ «የኔንም እናት ጠይቁልኝ» ብለው ልከውብኛል።